ከአምስቱ የወርቅ ዶላሮች ያቺኛዋ

ሳንቲም እሰበስባለሁ ስል የሐበሻ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቸገራት እንዴ ብሎ ነው። የወርቅ ሳንቲም ነው ብዬ ሳስረዳ ደግሞ ይብስብኛል፤ ወርቅ ነጋዴ ሆኜ አርፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጠብቃ «እስቲ ይቺን ቀለበት እዪልኝ፣ ስንት ካራት ትሆን?» የምትለኝ ሴት አለች። አንዱ የባለቤቴ ጓደኛ የአባቱን የወርቅ ጥርስ በናፕኪን ጠቅልሎ እራት ላይ አምጥቶልኝ ያውቃል። ስለ ቀለበትም ስለ ጥርስም የማውቀው ነገር የለም። እኔ የማውቀው አሜሪካኖች ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በፊትና በኋላ የቀረጹትን አንድ ዶላር የሚባል ሚጢጢ የወርቅ ሳንቲም ብቻ ነው። ይህን ስናገር ሰዉ ዓይኑን ከእኔ ላይ ያነሣና ወደ ምግቡ ይመለሳል።

ይህ አመል የያዘኝ ዳላስ ነው። ፍሪስኮ በምትባል የዳላስ አጎራባች ከተማ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤት አስታማሚ ነበርኩ። ባላቸው ሲሞቱ ትተውላቸው የሄዱት አንድ ሳጥን የወርቅ ሳንቲም ነበራቸው። ማየት ስለማይችሉ፣ ከምሳ በኋላ እኔ አንድ በአንድ እያነሣሁ የማየውን እንድነግራቸው ይጠይቁኛል። «በጠርዙ ብቻ ያዢው። ፀጉሯ ላይ ያለው መስመር ይታያል? የደበዘዘው የት ጋ ነው?» ይሉኛል። እንግሊዝኛዬ ገና ድክ ድክ የሚል ስለነበር ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም እያልኩ ስቀባጥር እሳቸው ሳይሰለቹ ያርሙኛል። እንዲህ እያልን ሳንቲሙንም ቋንቋውንም አብሬ ተማርኩ። ሲሞቱ ልጆቻቸው ሳጥኑን እንዳለ ሸጡት፤ ለእኔ የአባታቸውን ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። ማጉያ መነጽር ብቻውን ምን ያደርጋል? ሄጄ አንድ ሳንቲም ገዛሁ።

የወርቅ አንድ ዶላር ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። በአንዱ ፊት የሴት ራስ በከዋክብት ተከባ ትታያለች፤ በሌላው ፊት የቅጠል ጉንጉን አለ። ከጉንጉኑ ሥር በዓይን ለማየት የምታስቸግር አንዲት ፊደል ትኖራለች፣ እሷም ሳንቲሙ የት ከተማ እንደተቀረጸ ትናገራለች። ፊደል ከሌለው የፊላደልፊያ ነው። ከዚያ ሌላ በኒው ኦርሊንስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሻርሎትና በዳሎኔጋ ተቀርጿል። እኔ የፈለግሁት ከአምስቱ ከተሞች ከእያንዳንዳቸው አንድ፣ በጠቅላላው አምስት ሳንቲም ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር ይፈልጋል፤ ጀልባ የሚፈልግ አለ። አራቱን በተለያየ ጊዜ አገኘሁ። ዳሎኔጋ ግን እምቢ አለችኝ።

ዳሎኔጋ ጆርጂያ ውስጥ ተራራማ አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወርቅ ተገኘባትና መንግሥት እዚያው መቅረጫ ቤት ሠራ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ተዘጋ። ከዚያ የወጣው ጥቂት ነው፣ ከወጣውም የቀረው ጥቂት ነው። ከቀረው ውስጥ ደግሞ ደኅና የሚባለው በጣም ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የዚያን ጊዜ አሜሪካኖች ልክ እንደ እኛው ወርቅ ሲያዩ አንገታቸውን ነበር የሚያስቡት። ማንጠልጠያ አስበየዱበት፣ በሱት፣ ከደረት ጌጥ ጋር አጣበቁት፣ ለሠርግ ለበዓሉ ፈተጉት። በዚህ የተነሣ ዳሎኔጋ አገኘሁ ብዬ ማጉያ መነጽሬን ባወጣሁ ቁጥር ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንደ ቲማቲም አገላብጬ አይና ለባለቤቱ እመልሳለሁ። እኔ የምፈልገው ማንም ያልፈተገው፣ ጠቆር ያለ፣ የራሱ ቆዳ ያለው ነው። ወርቅ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ሲቀመጥ ቡናማና ብርቱካናማ የመሰለ ጥላ ያጠላበታል፤ ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ ነው፣ ለሳንቲም ሰብሳቢ ግን ነፍሱ ናት።

በመጨረሻ ያገኘልኝ አንድ የፎርት ዎርዝ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። በየጊዜው እዚሁ ዳላስ አካባቢ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሳንቲም ገበያ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴን ይዤ እሄድ ነበር፣ ነገር ግን ነጋዴዎቹ ሁሉ እኔ የጠየቅኩትን ለእሱ እየመለሱ አንጀቴን አሳረሩት። እኔ ስለ ጉንጉኑ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ለባለቤቴ ያስረዳሉ። እሱ ደግሞ ምንም ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። ይሄ ሽማግሌ ብቻ ነበር መነጽሬን አይቶ ወንበር የሳበልኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ደውሎ «ያንቺ መጥታለች» አለኝ፤ ሄድኩ፣ ናት። ጠቆር ብላ፣ ጠርዟ ንጹሕ፣ ከጉንጉኑ ሥር ያለችው ፊደል ቁልጭ ብላ። ትክክለኛነቷን መርማሪዎች መስክረውላት እንደ ብርጭቆ በጠራ ወፍራም ፕላስቲክ ታሽጋለች። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ በእርግዝናው አሳበብኩት።

ሴት ልጃችን ስትወለድ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከአዲስ አበባ መጡልን። ያለ እሳቸው ምን ይውጠኝ ነበር፣ ይህን ደብቄ አላውቅም። እኔ ገና ወገቤ ሳይጠና ከምንኖርበት ከግራንድ ፕሬሪ ፍሪስኮ ድረስ እየነዳሁ ሥራ ተመለስኩ፣ ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ኦቨርታይም ይሠራል፣ ሕፃኗን የሚይዙት፣ ገንፎውን የሚያገነፉት፣ ልብሱን የሚያጣጥፉት እሳቸው ናቸው። ቁጥብ ሴት ናቸው። ሳይጠይቁ ማቀዝቀዣ አይከፍቱም። ሥጋ ሲቀርብ አጥንቱን፣ ዳቦ ሲቆረስ ጫፉን ያነሣሉ፤ ብሉ ሲባሉ «በልቻለሁ» ነው። ይሄ ነገራቸው አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። በገዛ ልጃቸው ቤት እንግዳ ሆነው መኖራቸው እኔ የከለከልኳቸው ያስመስልብኛል።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ያን ዕለት ጠዋት ሕፃኗን ለማሰናዳት ስሯሯጥ አማቴን በወጉ አላየኋቸውም፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ነበር። ቅዳሴው አልቆ አዳራሽ ገብተን ምሳ ሲቀርብ ነጠላቸውን ዘና አደረጉት። አንገታቸው ላይ በቀጭን ሰንሰለት አንዲት ክብ ወርቅ ተንጠልጥላለች። መስተዋት ይመስል ታበራለች። የአንድ ዶላር ወርቅ በመጠኑ ከሩቅ አውቀዋለሁ፣ እና ከሌሎቹ አራቱ አንዱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሕፃኗን የማቀብል መስዬ ጎንበስ ስል ከጉንጉኑ ሥር ያለችውን ፊደል አየኋት። ከራሷ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል። ዳሎኔጋ ናት።

ሕፃኗ ከእጄ ያልወደቀችው የክርስትና እናቷ አጠገቤ ስለነበረች ነው።

ሳልናገር ቀድመው እሳቸው ተናገሩ። የተሰበሰቡት ሴቶች «ምነው እማማ፣ ወርቁ ከየት ነው?» ሲሏቸው፣ እኚያ ዝምተኛ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የልጄ ሚስት ናት። የእኔ ወርቅ ለልጄ መሄጃ ሲሸጥ አንገቴ ባዶውን ቀረ። ይቺ ልጅ ይኸው ስንት ዓመት ለእኔ ብላ ስትለቅም ኖራለች። እኔ ባልወልዳትም ወልጃታለሁ» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷማ እንባዋን ጠረገች። እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ፤ ከፎቶው ላይ ሲታይ ጥርሴን ያመመኝ እመስላለሁ።

ባለቤቴን ፓርኪንግ ውስጥ ያዝኩት። የተረፈውን ምግብ መኪና ላይ እየጫነ ነበር።

«እናትህ አንገት ላይ ያለው ምንድን ነው?» አልኩት።

የያዘውን ትሪ አስቀመጠ። «ሶ… ልነግርሽ ነበር» አለ።

«በል ንገረኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ሲመጣ ለሕክምና ምርመራውም ለቲኬቱም እናቱ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠውለታል፤ እሱም እተካልሻለሁ ብሎ ምሎ መጥቷል። ይህን እስከዚያ ቀን ለእኔ ተንፍሶ አያውቅም። እሳቸው ደግሞ በደወሉ ቁጥር አይጠይቁትም፤ ባለመጠየቃቸው ነው የተጨነቀው። «ማለቴ፣ ሚስቴ አሮጌ ሳንቲም ትሰበስባለች ብላት ይገባታል? አንቺ አንድ በገዛሽ ቁጥር ደወልኩና ወርቅ እየገዛንልሽ ነው አልኳት። ደስ ይላት ነበር። ስትመጣ የት አለ አለችኝ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አልኳት። አውጥታ ትጠቀማለች ብዬ አላሰብኩም።»

«ወርቅ ሠሪው ጋር ማን ወሰዳቸው?»

«እኔ ነኝ። ግን አልገባሁም፣ ፓርኪንግ ስላልነበረ መኪና ውስጥ ዌይት አደረግኩ። መሐረብ ውስጥ ምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም። ኦኬ፣ አጥፍቻለሁ። ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«ከየት ነው የምትገዛልኝ?» አልኩት። «ንገረኝ እስቲ፣ ከየትኛው ሱቅ?»

ሰዎች ሊሰናበቱን ስለመጡ ሁለታችንም ፈገግ አልን።

ቤት ስገባ ሣጥኔን አወጣሁ። አራቱ በየእሽጋቸው ተቀምጠዋል፤ የፊላደልፊያው፣ የኒው ኦርሊንሱ፣ የሻርሎቱ፣ የሳን ፍራንሲስኮው። አምስተኛው ቦታ ባዶ ነው። አማቴ ፕላስቲኩን የሱቅ መጠቅለያ መስሏቸው እሺ አልከፈት ሲላቸው በዘነዘና ሰብረውታል። የተሰበረውን ግን አልጣሉትም። አጥበው፣ አድርቀው፣ ለጉትቻ መያዣ ይሆናል ብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውልኛል። እቃ የማይጥሉ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት አበሳ ነበሩ። ለእሳቸው ምን ልበላቸው? ልጅዎ ዋሽቶዎታል ልበል? ሰው ፊት የመረቁኝን ምርቃት ልመልስ? እንዳልናገር አፌ ታሰረ፣ እንዳልተወው ደግሞ በየቀኑ ዓይኔ ላይ ናት። ማታ ማታ ሕፃኗን ሳስተኛ ከመታጠቢያ ቤት ሽክ ሽክ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አማቴ ዳሎኔጋን በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ እየፈተጓት ነው። ትራስ ራሴ ላይ ደፍቼ እተኛለሁ። ባለቤቴ «ሲሪየስሊ፣ ወርቅ እኮ አይጠፋም» ሲለኝ ከክፍሉ አስወጣዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያብሰለሰለኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከአምስቱ ለምን ያቺን? የፊላደልፊያው እንደ ልቤ ይገኛል፣ ነገ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ። የሳን ፍራንሲስኮው የሚያብረቀርቅ፣ ለጌጥ የተሠራ የሚመስል ነው፣ ማንም ሰው እሱን ነበር የሚያነሣው። አማቴ ከአምስት ወርቅ ውስጥ እጃቸውን ሰድደው እኔ ዕድሜዬን የፈለግኳትን፣ ያቺኑ አንዷን ማውጣታቸው ሆን ተብሎ የተደረገ እስኪመስለኝ ድረስ ተናደድኩ። አንድ ሁለቴ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ውሃ ጠጥቼ ዘጋሁት።

ቪዛቸው ሊያልቅ ሲል የሳንቲም ገበያው ዳላስ ተከፈተ። ባለቤቴ ሥራ ነበረው፣ አማቴን ቤት ብቻቸውን ጥዬ ለመሄድ አልፈለግሁም፣ ሕፃኗም አለች። የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ፣ አማቴ ነጠላ ለብሰው ጎኔ እየሄዱ፣ ያን ሁሉ ባለ ሰፊ ባርኔጣ አሜሪካዊ አቋርጠን ሽማግሌው ጠረጴዛ ጋር ደረስን። ለሕፃኗ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ አማቴ አንገት ሄደ።

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አማቴ ወርቃቸውን ያደነቀላቸው መስሏቸው፣ በደንብ እንዲያያት ሰንሰለቷን ወደፊት ሳብ አድርገው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉለት። ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ጉንጉኑን፣ ፊደሏን፣ ከዚያ ማንጠልጠያዋን አየ። ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ከስሏል።

«የሸጥኩልሽ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

«እንዲህ ያለች ዳሎኔጋ በዕድሜዬ ያየሁት ጥቂት ነው» አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ መልሶ፣ «አበቃላት» አለ።

አማቴ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ምን አለ?»

ዕድሉ መጣልኝ። ያን ሁሉ ወር የታፈንኩበትን ነገር በሰው አፍ ልናገረው እችላለሁ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሱ ነው ማለት እችላለሁ። አማቴ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፣ አንገታቸው እንደዘነበለ ነው።

«እንዲህ ያለች ወርቅ በዕድሜዬ ያየሁት ጥቂት ነው አለ» አልኳቸው። የቀረውን ተውኩት።

ፈገግታቸው ጠፋ። ሰንሰለቱን ለቀው ነጠላቸውን መልሰው ሸፈኑባት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይው» አሉና ጋሪውን ገፋ አድርገው ከጠረጴዛው ራቁ።

አዳራሹ ጥግ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ለሕፃኗ ጡጦ ስሰጥ ነው ነገሩን ያነሡት።

«ጥቂት ነው ካለ፣ ውድ ናት ማለት ነው?» አሉኝ።

«ናት፣ እማማ።»

«ከአምስቱ?»

«ከአምስቱ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «አየሽ ልጄ፣ ባልሽ አምስቱም ለእኔ የተገዛ ነው ብሎኝ ነበር። እኔ የወለድኩትን ልጅ አውቀዋለሁ። የተጨነቀ እንደሆነ ያለ የሌለውን ይቀባጥራል። ሣጥኑን ስከፍት እንዴት ተጠንቅቀሽ እንዳስቀመጥሻቸው አየሁና ያንቺ መሆናቸው ገባኝ። ዝም ብዬ ልዘጋው ነበር። በኋላ ክርስትናው መጣ፣ በልጄ ልጅ ክርስትና ባዶ አንገቴን ልቆም ነው ብዬ ቸገረኝ። አራቱ ያበራሉ። አንዷ ጠቁራለች፣ ቆሽሻለች፣ ይቺን እንኳ ብወስድባት አይከፋትም፣ ማንም የማይፈልጋት ናት አልኩ። ሴቶቹ ፊት እንደዚያ ያልኩት ልጄን ውሸታም እንዳላስብለው ነው። ያቺን ግን መርጬ ነው የወሰድኳት። አንቺን እንዳልጎዳ ብዬ።»

ሥጋ ሲቀርብ አጥንቱን፣ ዳቦ ሲቆረስ ጫፉን። ምን እጠብቅ ነበር? ትንሽ እንኳ ስግብግብ ቢሆኑ፣ የሚያበራውን የሳን ፍራንሲስኮውን አንሥተው ቢሄዱ፣ የእኔ ዳሎኔጋ ዛሬ በእሽጓ ውስጥ ነበረች። ያን ሁሉ ወር ቢያንስ የምቆጣው ሰው ነበረኝ። አሁን እሱንም ወሰዱብኝ። ሕፃኗ ጡጦዋን ጨርሳ አየር ትስባለች፣ እኔ አላየሁም፤ እሳቸው ናቸው ከአፏ ያወጡላት።

«ማንጠልጠያውን አስነቅዬ ልመልስልሽ?» አሉኝ። «ሠሪው ያነሣዋል።»

«እንዳያስነኩት፣ እማማ» አልኳቸው። ድምፄ ስለጮኸ ሰው ዞሮ አየን። «እሳት ደግሞ እንዳያይ። እርስዎ አንገት ላይ ይሁን፣ አገርዎም ይዘዋት ይሂዱ፣ ለማንም እንዳይሰጧት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ።»

«ምን?»

«የጥርስ ሳሙናውን ይተዉት።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ካልፈተግኳት እኮ ትጠቁራለች» አሉኝ።

«ትጥቆር» አልኳቸው።